የብሪታኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የችሎት ቪዲዮ፦ በነፃ የሚታይ፣ ጊዜ የሚሰጠው

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ስልክ ወይም ስለ ምግብ ቤት አይደለም። የብሪታኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክርክሮቹንና ውሳኔዎቹን በቪዲዮና በጽሑፍ ለማንም ሰው የሚያቀርብበት አገልግሎት አለ፤ ግምገማዬ በእሱ ላይ ነው። ለመፈተኛ ደግሞ ቀላል መዝገብ አልመረጥኩም። እ.ኤ.አ. በ2019 ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን ፓርላማውን ለአምስት ሳምንት ሲዘጉ፣ አገሩ በብሬግዚት (ከአውሮፓ ኅብረት በመውጣት ጉዳይ) ለሁለት ተከፍሎ በሚናቆርበት ሰዓት፣ ፍርድ ቤቱ ፊት የቀረበውን ክርክር ነው ያየሁት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ነጥቤን አስቀድሜ ልስጥ። ከአምስት ኮከብ አራት ተኩል። ግማሿን ለምን እንደቀነስኩ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ክፍያ የለውም። መታወቂያ አምጣ፣ ተመዝገብ የሚል ነገርም የለም። ፍርድ ቤቱ በኦክቶበር 2009 ሥራ ሲጀምር ካሜራዎቹ ችሎት ውስጥ ነበሩ። ይሄ በእንግሊዝ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም እዚያ በ1925 የወጣ ሕግ ፍርድ ቤት ውስጥ ፎቶ ማንሳትን ይከለክላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ያቋቋመው የ2005 ሕግ ነው ከዚህ ክልከላ ነፃ ያወጣው። ስለዚህ የዚሁ ጉዳይ የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክርክር በቪዲዮ አይገኝም። የጠቅላዩ ግን አለላችሁ።

ችሎቱ ራሱ ሲታይ ደስ ይላል። ዳኞቹ ካባ የለባቸው፣ ዊግ የለባቸው። ተራ የቢሮ ልብስ ለብሰው ይመጣሉ። ከፍ ያለ መድረክ ላይም አልተቀመጡም፤ ጠረጴዛቸው የግማሽ ክብ ቅርጽ አለው፣ ጠበቃው ፊት ለፊታቸው በእኩል ከፍታ ቆሞ ይናገራል። ሕንፃው ደግሞ ከፓርላማው ባሻገር፣ እዚያው አደባባይ ላይ ነው። አንዱ ወጥቶ ሌላው ጋ ለመድረስ መንገድ ማቋረጥ ይበቃዋል።

ታሪኩን ለማታስታውሱ ባጭሩ ልንገራችሁ። ብሪታኒያ ከአውሮፓ ኅብረት የምትወጣበት ቀን ኦክቶበር 31 ተብሎ ተቆርጧል። ኦገስት 28 ላይ የንግሥቲቱ አማካሪዎች ወደ ባልሞራል ቤተ መንግሥት ሄደው ፓርላማው ከሴፕቴምበር 9 እስከ 12 ባለው ጊዜ ጀምሮ እስከ ኦክቶበር 14 እንዲዘጋ አስፈቀዱ። ንግሥቲቱ እዚህ ላይ የራሳቸው ምርጫ አልነበራቸውም፤ በልማድ የጠቅላይ ሚኒስትሩን ምክር ይቀበሉ ነበር። መንግሥት "አዲስ የሥራ ፕሮግራም ልናዘጋጅ ነው" አለ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ "ከጥያቄ ልትሸሹ ነው" አሉ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ። በኤድንብራ ሦስት ዳኞች "ሕገ ወጥ ነው" ብለው ፈረዱ። በለንደን ሦስት ዳኞች ደግሞ "ይሄ የፖለቲካ ጉዳይ ነው፣ ፍርድ ቤት አይገባበትም" አሉ። በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በአንድ አገር፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ሁለት ተቃራኒ ፍርድ።

ሁለቱም በይግባኝ መጡ። ክርክሩ ከሴፕቴምበር 17 እስከ 19 ሦስት ቀን ፈጀ። በተለመደው ጉዳይ አምስት ዳኞች ይቀመጣሉ፤ ለዚህኛው 11 ተሰየሙ። ፕሬዝዳንቷ ሌዲ ሄል ገና ሲከፍቱ ነገሩን ቁልጭ አድርገው አስቀመጡት፦ ጥያቄዎቹ ከባድ የሕግ ጥያቄዎች ናቸው፣ የስኮትላንድና የእንግሊዝ ዳኞች መለያየታቸው ራሱ ይመሰክራል፣ እኛ ግን ብሪታኒያ ከኅብረቱ መቼና እንዴት ትውጣ በሚለው ፖለቲካ ውስጥ የለንበትም። እኔ ይሄን መክፈቻ ሁለቴ ነው የሰማሁት። ውጭ ላይ ሰልፍ አለ፣ ጩኸት አለ። ውስጥ አንዲት ሴት በተረጋጋ ድምፅ "እዚህ የምንጠይቀው ይሄንን ብቻ ነው" ትላለች።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ፤ የአገልግሎቱ ዋና ሀብት ያለው እዚህ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ለመንግሥት የቆሙት ሎርድ ኪን ነበሩ። ፍርድ ቤቱ "ሕገ ወጥ ነው" ካለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይታዘዛሉ ወይ ሲባሉ፣ አዎ ይታዘዛሉ አሉ። ጥሩ። ቀጥሎ ከዳኞቹ ወንበር ሌላ ጥያቄ መጣ፦ ታዲያ በማግስቱ እንደገና ፓርላማውን ሊዘጉት ይችላሉ? ሰውዬው በዚህ ላይ አስተያየት መስጠት አልችልም አሉ። ጥያቄው አልተለቀቀም። መልሱም አልመጣም። ይሄን ጋዜጣ ላይ ብታነቡት አንድ መስመር ነው። በቪዲዮ ስታዩት ግን የዝምታውን ርዝመት ታዩታላችሁ፣ ዳኛው እስኪሪብቶ ይዞ ሲጠብቅ ታዩታላችሁ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ደግሞ ሌላው የመንግሥት ጠበቃ ሰር ጄምስ ኢዲ ተነሱ። ጎበዝ ጠበቃ ናቸው፤ ያለ ብዙ ወረቀት ነው የሚናገሩት። ክርክራቸው "ይሄ የፖለቲካ ሜዳ ነው፣ ፍርድ ቤቱ ከገባበት የሚመራበት መለኪያ የለውም" የሚል ነው። እውነቱን ለመናገር ደካማ ክርክር አይደለም፣ የለንደኖቹ ሦስት ዳኞች የተቀበሉት ይሄንኑ ነው። ነገር ግን ከዳኞቹ አንዱ አቋረጡና አንድ ተራ የሚመስል ጥያቄ ጠየቁ። ከመንግሥት በኩል "እውነተኛው ምክንያታችን ይሄ ነው" ብሎ በቃለ መሃላ የፈረመ አንድም ሰው አለመኖሩ አይገርምም ወይ?

እስቲ አስቡት። ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጀምሮ ሚኒስትሩም፣ ባለሥልጣኑም፣ አማካሪውም አሉ። ሁሉም በቴሌቪዥን ምክንያቱን ይናገራሉ። ቃለ መሃላ ፈርሞ ፍርድ ቤት ያስገባ የለም። የቀረበው የውስጥ ማስታወሻ ነው። እኔ ለዚህ አገልግሎት አራት ተኩል የሰጠሁት በዋናነት ስለዚህች ደቂቃ ነው። መንግሥትን "ለምን?" ብሎ መጠየቅ በየአገሩ ሰው የሚሞክረው ነገር ነው፤ መልሱን መዝግቦ፣ መልስ ካልመጣም አለመምጣቱን መዝግቦ የሚያስቀር ቦታ ግን ጥቂት ነው። በእኛ አገር "በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል" ይባላል። እዚህ ቪዲዮ ላይ የቆመው መንግሥት ነው።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት የስኮትላንዶቹ ጠበቃ ኤይዳን ኦኒል ተናገሩ። በጣም ስሜታዊ ነበሩ። የፓርላማዎች እናት በሐሰት አባት እየተዘጋች ነው አሉ። ይሄ አባባል በማግስቱ ጋዜጦችን ሞላ። እኔ ግን ሌላውን ጠበቃ፣ ሎርድ ፓኒክን፣ እመርጣለሁ። የለንደኑን ክስ ላቀረቡት ለጂና ሚለር የቆሙት እሳቸው ናቸው። ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ ከነጥብ ወደ ነጥብ እየሄዱ፣ ዳኛ ሲያቋርጣቸው መልሰው የተውበትን ይዘው ይቀጥላሉ። ክርክር መማር የሚፈልግ የሕግ ተማሪ ካለ የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት ብቻ ቢያይ ይበቃዋል።

ሦስተኛው ቀን ትንሽ ይሰለቻል። ብዙ ተናጋሪ አለ፣ ለእያንዳንዱ የተሰጠው ጊዜ አጭር ነው። አንድ ነገር ግን አትለፉ። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሰር ጆን ሜጀር በጠበቃቸው በኩል ቀርበው፣ ከራሳቸው ፓርቲ የወጣውን መንግሥት ተቃውመዋል። የሰጡት ማስረጃ ደግሞ የሚዳሰስ ነው፦ ለአዲስ ፕሮግራም ዝግጅት በተለምዶ የሚያስፈልገው ከአራት እስከ ስድስት ቀን ነው። እዚህ የተወሰደው አምስት ሳምንት ነው። ቤቱን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ሲናገር እንደዚህ ነው።

ውሳኔው ሴፕቴምበር 24 ጠዋት ተነበበ። ክርክሩ ካለቀ ከአምስት ቀን በኋላ ማለት ነው። ሌዲ ሄል ጥቁር ልብስ ላይ ትልቅ የሸረሪት ጌጥ አድርገው ገቡና ማጠቃለያውን አነበቡ። ሰው ስለ ሸረሪቷ ብዙ አወራ። እኔን የያዘኝ አነባበባቸው ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ፍርድ ቤት በዚህ ነገር ሊገባ ይችላል ወይ? አዎ። ምክንያቱ እዚህ ጋ ነው፣ ረጋ ብላችሁ ስሙት። አንድ ሥልጣን የት ድረስ ይደርሳል የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። በወሰኑ ውስጥ ሆኖ እንዴት ተሠራበት የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ፖለቲካ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው፣ ወሰኑን መለካት፣ ሁልጊዜም የፍርድ ቤት ሥራ ነው። ለዚህም እስከ 1611 ወደኋላ ይሄዳሉ። ያኔ ንጉሡ ሕግ ከፈቀደለት በላይ ሥልጣን የለውም ተብሎ ተፈርዶ ነበር።

ታዲያ ወሰኑ የት ነው? መንግሥት ያለ በቂ ምክንያት ፓርላማው ሕግ ማውጣትና መንግሥትን መቆጣጠር እንዳይችል የሚያደርግ ከሆነ ወሰኑን አልፏል። ወሰን የለውም ከተባለ ማንም መንግሥት ፓርላማውን ለፈለገው ጊዜ ሊዘጋው ነው። ከዚያ ወደ ማስረጃው ይመጣሉ። ከበጋው እረፍት ማብቂያ እስከ ኦክቶበር 31 ስምንት ሳምንት አለ፤ መንግሥት አምስቱን ወስዷል። ለምን? መልካም ምክንያት ይቅርና ምንም ምክንያት አልቀረበልንም አሉ። 11ዱም ዳኞች ተስማሙ። አንድም ተቃውሞ የለም።

መዘዙ ደግሞ የበለጠ ይገርማል። ምክሩ ሕገ ወጥ ስለነበረ ትእዛዙም ከመጀመሪያው ዋጋ የለውም። መዝጋቱን ለማወጅ የተላኩት የንግሥቲቱ ተወካዮች ባዶ ወረቀት ይዘው ፓርላማ እንደገቡ ይቆጠራል። ፓርላማው አልተዘጋም ነበር። ዳኞቹ ግን "ነገ ተሰብሰቡ" ብለው አላዘዙም፤ ቀጣዩን የሚወስኑት አፈ ጉባኤዎቹ ናቸው ብለው ቆሙ። እዚህ ጋ ነው እኔ ለዳኞቹ ያለኝ አክብሮት የጨመረው። የሌላውን ወሰን ሲለኩ የራሳቸውንም አልረሱም። በማግስቱ ሴፕቴምበር 25 ምክር ቤቱ ተሰበሰበ። መዝጋቱን የሚገልጸው መዝገብ ተሰረዘ። በመዝጊያው ሥነ ሥርዓት ላይ ንጉሣዊ ይሁንታ የተነገረለት ሕግ እንኳ በኦክቶበር እንደገና ይሁንታው እንዲነገር ተደረገ። ባዶ ወረቀት ማለት ባዶ ወረቀት ነው።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ በውሳኔው በጥብቅ እንደማይስማሙ ተናገሩ፤ እንደሚያከብሩት ግን አረጋገጡ። ሠራዊት አልተጠራም፣ ዳኛ አልታሰረም። እነዚህን ሁለት ነገሮች እንደ ቀላል የማይቆጥር አንባቢ ብዙ እንዳለ አውቃለሁ።

በጽሑፍ የወጣው ፍርድ ሌላው የአገልግሎቱ ጥንካሬ ነው። የሚለቀቀው እዚያው ቀን ነው። 71 አንቀጽ ያለው፣ ቁጥር የተሰጠው፣ ለሕግ ሰው ብቻ ተብሎ ያልተጻፈ። ከጎኑ አጭር ማጠቃለያ አለ። ኢንተርኔት ለሚያስቸግረው ወይም ካርድ ለሚቆጥብ ሰው ይሄ ማጠቃለያ ብቻ በቂ ነው። ስንት ቦታ ነው ፍርድ የሚነበበውና ምክንያቱ ከወራት በኋላ የሚደርሰው!

ከሌሎች ጋር ላወዳድር። ኬንያ በሴፕቴምበር 1 ቀን 2017 የፕሬዝዳንት ምርጫውን ስትሰርዝ፣ በዋና ዳኛ ዴቪድ ማራጋ የሚመራው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን በቴሌቪዥን በቀጥታ ነው ያሰማው። 4 ለ 2 በሆነ ድምፅ። ድፍረቱ ወደር የለውም፤ ከብሪታኒያው የበለጠ አደጋ ላይ ቆመው ነው የፈረዱት። ዝርዝር ምክንያቱ ግን ሴፕቴምበር 20 ነው የተነበበው። በሕግ የተሰጣቸው ጊዜ አጭር ስለነበር አልወቅሳቸውም። ቢሆንም እነዚያ ሦስት ሳምንታት ለወሬና ለስድብ ሰፊ ሜዳ ሆኑ። የደቡብ ኮሪያው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደግሞ በዲሴምበር 2024 ወታደራዊ አዋጅ ያወጁትን ፕሬዝዳንት ዩን ሱክ ዮልን ኤፕሪል 4 ቀን 2025 ሲያነሳ፣ ስምንቱም ዳኞች ተስማምተው፣ 22 ደቂቃ ብቻ በፈጀ ንባብ ነው። እሱም በቀጥታ ተላልፏል። አጭርና ግልጽ በመሆን ኮሪያዎቹ ይበልጣሉ። ጠበቃና ዳኛ ፊት ለፊት ሲጠያየቁ ማየት ለምትፈልጉ ግን የለንደኑን የሚያህል አላገኘሁም።

አሁን ግማሽ ኮከቡ። አንደኛ፣ ጠበቆቹ ሁልጊዜ "ጥራዝ እገሌ፣ ገጽ እገሌ" ይላሉ፤ ዳኞቹ ያገላብጣሉ፣ ተመልካቹ ግን ሰነዱን ስክሪኑ ላይ አያየውም። አንዳንዴ ገጹ እስኪገኝ ብዙ ደቂቃ ይባክናል። ሁለተኛ፣ የሕግ ቃላቱ ለጀማሪ ከባድ ናቸው። በመጀመሪያው ሰዓት ተስፋ ቆርጦ መዝጋት ቀላል ነው። እንግሊዝኛው ራሱ ፈጣን ነው፣ የስኮትላንድ ጠበቆች ሲናገሩ ደግሞ የአነጋገር ዘዬውን ጆሮ እስኪለምደው ጊዜ ይፈልጋል።

ሌላ ከአገልግሎቱ ጋር ያልተያያዘ ነገር ግን ማወቅ ያለባችሁ አለ። ከዚህ ፍርድ በኋላ በ2022 አዲስ ሕግ ወጣ። ፓርላማን በትኖ ምርጫ በመጥራት ጉዳይ ፍርድ ቤት እንዳይጠይቅ ይከለክላል። በ2019 የተከራከሩበትን ጊዜያዊ መዝጋት አይነካም፣ ጎረቤቱን ግን አጥሮታል። ቪዲዮውን አይቶ "በቃ፣ እዚያ አገር ነገሩ ተፈትቷል" ብሎ የሚደመድም ሰው ይሄን ይወቅ። ፍርድ ቤት ያሸነፈ ዕለት መንግሥት የሕግ መጽሐፉን መክፈት ይጀምራል።

እንዴት ልየው ለምትሉኝ፣ እኔ እንዲህ ብታደርጉ እመክራለሁ። በመጀመሪያው ቀን አትጀምሩ። መጀመሪያ የሴፕቴምበር 24ን የውሳኔ ንባብ እዩ፤ በፍርድ ቤቱ የዩቲዩብ ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ። ቀጥሎ ማጠቃለያውን አንብቡ። መጨረሻውን አውቃችሁ ወደ ክርክሩ ስትመለሱ የትኛው ጥያቄ የት እንደደረሰ ይገባችኋል፣ "ይሄ ነገር ፍርዱ ላይ አንቀጽ ሆኗል" እያላችሁ ነው የምታዩት። ከዚያ የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት ለሎርድ ፓኒክ፣ ከሰዓቱን ለሎርድ ኪን፣ የሁለተኛውን ቀን ጠዋት ለሰር ጄምስ ኢዲ ስጡ። የዜና ጣቢያዎች በቀጥታ ያስተላለፉት ቅጂም ዩቲዩብ ላይ አለ። ሦስተኛውን ቀን ለሰር ጆን ሜጀር ጠበቃ ስትሉ ብቻ ክፈቱት። ጊዜ የሌለው ሰው የሁለተኛውን ቀን ጠዋት ብቻ ይይ፤ ያቺ የቃለ መሃላ ጥያቄ እዚያ ውስጥ ናት።